ጠርሙስ ነቅንቆ የሚገዛ ሁሉ ይስማኝ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምኖር ጡረታ የወጣሁ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ጡረታው ስለማይበቃኝ በረንዳዬ ላይ ፈሳሽ ሳሙና እሠራለሁ። ሰፈራችን ፈሳሽ ሳሙናን ሁሉ «ላርጎ» ነው የሚለው። እኔም «የላርጎዋ ቲቸር» ሆኜ ቀርቻለሁ።

እንድጽፍ ያደረገኝ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ነው። ሱቅ ስገባ ሻምፑው ላይ ኮኮናት ተስሏል፣ ሎሽኑ ላይም ቅጠል። ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር ጽሑፍ ግን ስፈልግ ዓይኔ ይደክማል።

ከራሴ ልጀምር። መርካቶ «ቴክሳፖን» የሚሉትን ነው የምጠቀመው። እንደ ማር የሚጎተት ነጣ ያለ ሊጥ ነው። 70 በመቶው አረፋ ሰጪው ነው፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ። መነሻው የኮኮናት ወይም የፓልም ፍሬ አስኳል ዘይት ነው። የሁለቱ ዘይቶች ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ ነው፤ የአረፋው ምስጢርም እሱ ነው። የእኛ ኑግ ይሄ የለውም፣ ለወጥ እንጂ ለአረፋ አልተፈጠረም። ታዲያ ዘይቱ ፋብሪካ ገብቶ አልኮል ይሆናል። ከዚያ በአብዛኛው ከነዳጅ የሚገኝ ኤትሊን ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይጨመርበታል። መጨረሻ ላይ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ያልፍበታል። መጥፎ ነው አልልም፣ ልጆቼን ያሳደግሁበት ሻምፑም ከዚህ ወገን ነበር። «ከኬሚካል ነፃ» ሲሉኝ ግን ሳቄ ይመጣል። ውሃም ኬሚካል ነው እያልኩ 26 ዓመት አስተምሬያለሁ።

ሎሽንም ቢሆን ያው ነው። ዘይትና ውሃ ብቻቸውን አይስማሙም፣ ሽማግሌ ይፈልጋሉ። ሽማግሌው አንድ እጁ ዘይቱን፣ አንድ እጁ ውሃውን የሚይዝ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ከፓልም ዘይት ይሠራል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ደንበኛ ስትመጣ መጀመሪያ ጠርሙሱን ትነቀንቃለች። አረፋው ካነሰ «ቲቸር፣ ውሃ ነው» ትለኛለች። የልብስ ማሽን ዱቄት እኮ ሆን ተብሎ አረፋው ይቀነሳል፣ ልብሱ ግን ይጠራል! ማን ይስማኝ። ባለፈው ክረምት ተሸነፍኩና ላብሳ የሚባለውን አረፋ ሰጪ አበዛሁ። ርካሽ ነው፣ ከነዳጅ የሚሠራ ጠንካራ አሲድ ነው። በኮስቲክ ሶዳ በልኩ ካልበረደ እጅ ይበላል። አሲድነቱን የምለካበት የፒኤች ወረቀቴ አልቆ ነበር። «በዓይኔ አውቀዋለሁ» አልኩ። ኬሚስትሪ አስተማሪዋ! በሳምንቱ ምድር ቤት ምግብ የምትሸጠው ጎረቤቴ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው መጣች። ገንዘቧን መለስኩላት፣ ቅባትም ገዛሁላት። እስከ ዛሬ እጇን ሳይ አፍራለሁ። ላብሳውን የሸጠልኝ ሱቅ ደግሞ በምግብ ዘይት ጀሪካን ነው የቀዳልኝ። ስም የለው፣ ቀን የለው።

«ታዲያ ወደ ተፈጥሮ እንመለስ» የሚሉኝም አሉ። እሺ፣ እንዶድ እንውሰድ። አማቴ ጋቢ የምታጥበው በእሱ ነበር፣ ንጣቱን ዛሬም አልረሳውም። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያየው ምን ነበር? ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነው። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ለበሽታው መከላከያ ትልቅ ግኝት ሆነ። ለቀንድ አውጣዎቹ ግን ፍሬው ከቁጥቋጦ መምጣቱ ምንም አልፈየደላቸውም።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ቴክሳፖንም ይሁን እንዶድ፣ ጠርሙሱ ላይ የገባው ሁሉ በአማርኛ ይጻፍ። የእኛ የበረንዳ ሠሪዎችም፣ የትልልቆቹም። ጀሪካን ቀድቶ የሚሸጠውም ቢያንስ የዕቃውን ስም ይለጥፍ። እናንተም ስለዚህ አንድ ገጽ ብትሰጡን አይበዛብንም።

እኔ በእስክርቢቶ ጀምሬያለሁ። ውሃ፣ ቴክሳፖን፣ ላብሳ፣ ኮስቲክ ሶዳ፣ ጨው፣ ሽታ። ጨው የሚገባው ሳሙናውን ለማወፈር ነው፣ ሲበዛ ደግሞ መልሶ ያቀጥነዋል። ትናንት አንዷ ደንበኛዬ ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበችና «ጨው? ቲቸር፣ ወጥ መሥራት ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ጠርሙሱን ነቀነቀችው።

አንባቢያችሁ፣ ከኮዬ ፈጬ