አባባ፣ ስለዚያ ፎቶ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እኔም ልጆቹም ደህና ነን። ብርዱ ገብቷል።

ይህን የሚያነብልዎ የእህቴ ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተ ልጅ፣ ቀስ ብለህ አንብብ። እየዘለልክ እንዳታነብ። አያትህ ሲዘለል ያውቃሉ።

አባባ፣ በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ፎቶውን ያዩ ዕለት «ደህና ነሽ ልጄ?» አሉኝ። ቀጥለው «በይ እናትሽን ላገናኝሽ» ብለው ስልኩን ለእማማ ሰጡ። አውቅዎታለሁ እኮ። የእርስዎ ቁጣ ዝምታ ነው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ባሌ ጋይሳይ ሜዳ ላይ ያ ሁሉ አጋዘን በጥይት ሲወድቅ፣ ማታ ገብተው ጫማዎን ሳያወልቁ ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ሳምንቱን ሙሉ ከ«እህ» በቀር ቃል አልወጣዎትም። እና ስልኩን ሲያቀብሉ ገባኝ። ዕድሜውን በዲንሾ አጋዘን ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ሴት ልጁ ጠመንጃ አንግታ የወደቀ እንስሳ ቀንድ ይዛ ቢያይ ምን ይበል?

ፎቶውን ፌስቡክ ላይ የለጠፈችው ጓደኛዬ ናት። የገደልኩት ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእኔ ይስሙት።

ነገሩ የጀመረው ሥራ ቦታ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ አለ፣ የሕንፃ ጥገና ሠራተኛ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይጠፋና ጢሙን አሳድጎ፣ ሥጋ ይዞ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ለእኔም ሰጠኝ። በቅቤ ጠበስኩት፤ ልጆቹ ድስቱን ላሱት። አባቴ የፓርክ ስካውት ነበር ስለው «ታዲያ አንቺ ዱካ ታውቂያለሽ» አለኝ። አፌ መቼ ያርፋል፣ «አሳምሬ!» አልኩት። በዚያው ተያዝኩ።

መቼም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ፈቃድ ነበራችሁ ወይ?» ብለው ነው። ነበረን። እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአደን ትምህርት ተምሮ ካርድ ካላወጣ ፈቃድ አይሸጥለትም። እርስዎ በእኛ የ1938 ልጅ ስለሆኑ አይመለከትዎትም፤ እኔ ግን ተማሪ ሆኜ ተፈተንኩ። የአጋዘኑ ፈቃድ በዕጣ ነው። መጋቢት ሳያልቅ ያመለክታሉ፣ ከዚያ ወጣ አልወጣ ብለው ይጠብቃሉ። የጎንደሩ ጓደኛችን ዕጣው ደርሶት የመጀመሪያው ቀን ላይ አንድ ወንድ ጣለ። እሱ የጣለው ጆሮው እንደ በቅሎ ስለሆነ ስሙም «የበቅሎ አጋዘን» ነው። ፉከራውን እስካሁን አልጨረሰም።

የእኔ ፈቃድ የኤልክ ነው። ኤልክ የዚያ የበቅሎ አጋዘን ዘመድ ነው፤ ትልቅ ወንዱ 300 ኪሎ ያልፋል። ቀንዱ እንደ እኛው ደጋ አጋዘን ጠምዛዛ አይደለም። እንደ ደረቀ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል። የሚገርመው ደግሞ በየዓመቱ መጋቢት ገደማ ይረግፍና ከዜሮ ያበቅላል። የእኛው አንዱን ቀንድ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ሲኖር ይኼ በየዓመቱ አዲስ! ቢያንስ በአንዱ ወገን አራት ቅርንጫፍ፣ ወይም ግንባሩ ላይ 5 ኢንች የሞላው ቅርንጫፍ ያላወጣ ወንድ እኛ በሄድንበት አካባቢ አይተኮስም። ስለዚህ ከመተኮስ በፊት መቁጠር ነው።

ብርቱካናማው ሰደርያ ደግሞ ሕግ ነው። ከወገብ በላይ 500 ካሬ ኢንች፣ ባርኔጣም ጭምር። ሰው ሰውን እንዳይመታ ነው። እንስሳው ቀለሙን እንደኛ ለይቶ አያየውም። እርስዎ «አህያ እንኳ ይስቅባችኋል» እንደሚሉ ይሰማኛል።

ቅዳሜ ጥቅምት 16 ነው ወቅቱ የተከፈተው። ዋዜማውን ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ነዳን። ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተራራውን በስቶ የሚያልፍ ዋሻ አለ፤ ከእሱ ወዲያ ሌላ አገር ነው። አንዷ ከተማ ስሟ «ራይፍል» ነው። ጠመንጃ ማለት እኮ ነው! የሐዋሳዋ ጓደኛዬ «ቀጥሎ ያለችው ዝናር ነው የምትባለው?» ብላ አሳቀችን። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ ሚከር የምትባል ከተማ አልፈን ፍላት ቶፕስ የሚባለው አምባ ሥር ሰፈርን። አምባው በእውነት የእኛን አገር ይመስላል፤ አናቱ ጠረጴዛ ነው። ከፍታውም ከዲንሾ ብዙም አይርቅ። ፈረንጆቹ ቁልቁል እያዩ ሲያለከልኩ እኔ እንደ ፍየል ወጣሁት። ሳንባዬ የእርስዎ ነው።

ለእኔ አራት ቀን ምንም የለም። ብርድ፣ ቡና፣ ወሬ። ሽማግሌው ጠመንጃውን ዛፍ ላይ አስደግፎ ወፍ ሲያይ ይውላል። ባይገድልም ግድ የለው።

አምስተኛው ቀን ረቡዕ ነበር። ሳይነጋ ከሽማግሌው ጋር ወጣን። አስፐን የሚባል ነጭ ቅርፊት ያለው ዛፍ አለ። ቅጠሉ ረግፎ አልቋል፤ ግንዱ እስከ ሰው ቁመት ጠባሳ በጠባሳ ነው። ኤልኮቹ በረዶ ሲበዛባቸው ቅርፊቱን ይግጡታል። ዱካው ከአጋዘኑ ይሰፋል፣ ከላም ያንሳል። ጎንበስ ብዬ ጠርዙን በጣቴ ነካሁት፤ ይፈረፈራል፣ ገና አልደረቀም። «አሁን ያለፈ ነው» ስለው ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ከኋላዬ ሆነ። ነፋሱ ከፊታችን ነበር። መጀመሪያ የደረሰን ሽታው ነው፤ ልክ የከብት በረት።

ከዛፎቹ መሀል ወጣ። 140 ሜትር ቢሆን ነው። ቆጠርኩ፣ አምስት ቅርንጫፍ። ተኮስኩ።

አባባ፣ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ይኼ ነው። ፎቶው ላይ የማይታየው ይኼ ነው። ልቤ መታ፣ ቃታውን በእርጋታ አልሳብኩትም፣ መነጨቅሁት። ጥይቷ ከሳንባው ወደ ኋላ አለች። ኤልኩ ጀርባውን ጎበጥ አድርጎ ሁለት እርምጃ ሄደና ወደ ጥዱ ጫካ ገባ። ሄደን አየን። አንድ የሣር ቅጠል ላይ ደም አለ፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ አረፋ የሌለው።

ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ሆኜ የወሰዱኝ ቀን መጣብኝ። አዳኞች አቁስለው የለቀቁት ወንድ አጋዘን ነበር። እኔ ልሮጥ ስል ክንዴን ያዙኝ። «አረፋ ያለው ቀይ ደም ሳንባ ነው፣ ቅርብ ይወድቃል። ጥቁሩ ጉበት ነው። ጉበት የተመታ እንስሳ ካልተነካ ይተኛል፤ ከተነካ ተነሥቶ አገር ያቋርጣል። አትቸኩዪ፣ ሥቃዩን ታበዢበታለሽ» አሉኝ። ኮሶው ሥር ተቀምጠን ቆሎ ቆረጠምን። ለእኔ ዓመት መሰለኝ።

እና ተቀመጥኩ። ሽማግሌውም ያንኑ ሊለኝ ኖሯል፤ ቀድሜው ቁጭ ስል አጠገቤ መጣና ከቴርሞሱ ቡና ቀዳልኝ። ሌሎቹን በሬዲዮ ጠራናቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ሰዓቱ አልሄድ ሲል ደግሞ በረዶ መጣል ጀመረ። ደሙን ሊሸፍነው ነው። የጎንደሩ «እንሂድ፣ ሊጠፋ ነው» ይላል። እኔ አልተነሣሁም። ውስጤ ግን ተቃጠለ፤ ቢጠፋ ምን ብዬ እኖራለሁ?

ስንነሣ ዱካው ግማሹ ነጭ ሆኗል። እርስዎ እንዳሳዩኝ ከዱካው ጎን ጎን ሄድኩ፣ ላዩ ላይ አልረገጥኩም። መሬቱን ትቼ የቁጥቋጦውን ጎን አየሁ። በረዶ ከላይ ነው የሚጥለው፤ እንስሳው ታክኮ ያለፈበት ጎን አይሸፈንም። ጉልበቴ በሚደርስበት ቁመት አንድ ጠብታ። ሃያ እርምጃ ቆይቶ ሌላ። አንድ ቦታ ጠፋብኝ፤ ባርኔጣዬን የመጨረሻው ጠብታ ላይ አስቀምጬ ዞርኩ። ይኼም የእርስዎ ነው። 400 ሜትር ያህል ሄደን ጥድ ሥር አገኘነው። ተኝቷል፣ ራሱን ግን ቀና አድርጓል። አፍንጫው ላይ የሚያርፈው በረዶ ይቀልጣል።

ሁለተኛዋን እንደሚገባ ተኮስኩ። የጎንደሩ ቢላውን ይዞ ሮጦ «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ ባረከው። ለእማማ ይንገሩልኝ፣ ሥጋው የተባረከ ነው፤ ዋላና ሚዳቋ ደግሞ በኦሪትም ይበላሉ ከተባሉት ናቸው። ሴት አታርድም ይባል የለ? እኔ በዕድሜዬ ዶሮ አርጄ አላውቅም፤ ወንድ ከሌለ የጎረቤት ልጅ ነበር የምጠራው። እዚህ መጥቼ ፈረስ የሚያክል ጣልኩ።

አጠገቡ ተንበረከክሁ። በረዶው አፍንጫው ላይ መቅለጥ አቆመ። ፎቶው የተነሣው ያኔ ነው። እየሳቅሁ እመስላለሁ። አልነበረም። ብርድ ላይ ጥርስ ሲገጥም ፈገግታ ይመስላል።

ከዚያ ወረቀት አለ። ፈቃዱ ላይ ያለችውን ታግ ቆርጠው፣ ቀኑን ጽፈው፣ ፈርመው ሥጋው ላይ ያስራሉ። እስክሪብቶዬ ቀዝቅዞ አልጽፍ አለ፤ ብብቴ ሥር አሞቅሁት። እርስዎ ያን የቆሰለ አጋዘን ለገላገሉባት አንዲት ጥይት በፋኖስ ሁለት ገጽ ሪፖርት የጻፉበት ማታ ትዝ አለኝ።

ሥጋውን መተው ወንጀል ነው። ቀንዱን ወስዶ ሥጋውን የጣለ ይቀጣል። በአራት ብልት፣ ሽንጡን ለብቻ አድርገን በጀርባችን አወረድነው፤ ሁለት ጊዜ ተመላልሰን፣ ትከሻችን ተላጠ። ማታ ካምፑ በጥብስ ሽታ ታወደ። ቀኑ ግን ረቡዕ ነው! እኔ ምስሬን ይዤ ዳር ተቀመጥኩ። የጎንደሩ «በጥቅምት አንድ አጥንት!» እያለ ፊቴ ላይ ይግጣል። ጾሙስ ስለው «መንገደኛ ነኝ» አለ።

እዚህ አጋዘንና ኤልክ ላይ አንጎል እየበላ የሚያከሳ በሽታ አለ። መጀመሪያ የታየው እዚሁ ኮሎራዶ በ1967 ነው፣ በፈረንጅ። የኤልኩን ጭንቅላት ለምርመራ ሰጥተን «አልተገኘበትም» የሚል መልስ ባለፈው ሳምንት መጣ። ግማሹን ቋንጣ ሰቀልኩት፤ ስብ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል። ቀሪው የነቢያት ጾም የዛሬ ሳምንት ስለሚገባ ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል።

ራሴን ነጻ ላወጣ አይደለም፣ ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። እዚህም አንድ ዘመን ኤልክ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። የዛሬ 100 ዓመት ገደማ ከዋዮሚንግ አምጥተው ለቀቁ፤ ዛሬ በዚህ ግዛት ብቻ ከሩብ ሚሊዮን ይበልጣል። የእንስሳቱ ጠባቂ የሚቀጠረው በአብዛኛው እኔ ከከፈልኩት ዓይነት የፈቃድ ገንዘብ ነው። በፈረንጅ ከ1937 ጀምሮ ደግሞ ከሚሸጠው ጠመንጃና ጥይት ላይ ለዱር እንስሳ የሚሆን ቀረጥ አለ። የእርስዎ አጋዘን ከእኛ አገር ውጭ የትም የለም፤ ቁጥሩም እንዲህ አይደለም። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ጋይሳይ ላይ ጠመንጃ ይዘሽ ቁሚ ቢሉኝ ለመጠበቅ ካልሆነ አልቆምም።

ወደፊት እሄዳለሁ? ሽማግሌው ጠይቆኛል። አልመለስኩለትም። ያቺ የመነጨቅኋት ቃታ አልወጣችልኝም። እርስዎ የሚሉኝን ልስማና ነው።

ሌላው፣ በገና ወደዚያ የሚመጣ ሰው አለ። በረዶው ውስጥ አምስት ቀን ያልረጠበልኝን ዓይነት ጫማ ልገዛልዎት ነው። እማማ ቁጥሩ 42 ነው ትላለች። እኔ 43 ይመስለኛል፤ ጭቃው ላይ ዱካዎን እየረገጥኩ ነው ያደግሁት። ቢቆጡም ለልጁ ይንገሩትና ቁጥሩን ይላክልኝ።

ልጅዎ