የአቪዬሽን ክበብ፦ መጀመሪያ ሜዳ፣ ከዚያ ሞተር

ዘንድሮ ክበባችን የሚበር ነገር ሠርቷል። ሩቅ አይሄድም እንጂ ይበራል። የዓመቱ ርዕሳችን ሞተር ያለው ግላይደር ነበር፤ ረጅም ክንፍ ያለው፣ በሞቃት አየር እየተነሳ እንደ አሞራ የሚንሳፈፍ፣ ሲያስፈልገው ግን የራሱን ሞተር አስነስቶ ከፍ የሚል አውሮፕላን ማለት ነው። እውነተኛውን የነካ የለም። ያለን ከማሸጊያ ፎም፣ ከቀርከሃ ስንጥርና ከላስቲክ የተሠራ ሞዴል፣ እንዲሁም አንድ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ነፃ ሲሙሌተር (የበረራ መለማመጃ ፕሮግራም) ነው።

ጥቅምት ላይ "ሞተር ያለውና የሌለው፣ የቱ ይሻላል?" ብዬ ጠየቅኩ። ሁሉም ሞተር ያለው አሉ። "ቲቸር፣ መውረድ ሲጀምር አስነስቶ ይሄዳላ!" ዓመቱን ሙሉ የታገልኩት ከዚች "ይሄዳላ" ጋር ነው። ባጃጅ እንኳ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይላል፤ ሰማይ ላይ ግን ወርዶ የሚገፋ የለም።

ችግሩ ደግሞ አለመነሳቱ ብቻ አይደለም። በብዙዎቹ ዓይነቶች ሞተሩ ከአብራሪው ጀርባ ተጣጥፎ ይቀመጥና ሲፈለግ ወደ ላይ ይወጣል። ወጥቶ ካልተነሳ አየሩን እየገታ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይይዘዋል። በ40 ለ1 የሚንሸራተት፣ ማለትም አንድ ሜትር ሲወርድ 40 ሜትር ወደ ፊት የሚሄድ ግላይደር ነፋስ በሌለበት ከ300 ሜትር ከፍታ 12 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ሞተሩ ወጥቶ ዝም ካለ ግን ይሄ ርቀት በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ጠንቃቃ አብራሪ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ሜዳ ይመርጣል፣ በቂ ከፍታ ሳለው እዚያው አካባቢ ሆኖ ሞተሩን ይሞክራል፣ እምቢ ካለው ትግሉን ትቶ ያርፋል።

ልጆቹን ያሳመናቸው የእኔ ንግግር ሳይሆን ላስቲኩ ነው። የሞዴሉን ፕሮፔለር የሚያዞረው የተጠመዘዘ ላስቲክ ተፈትቶ አልቆ ፕሮፔለሩ ሲቆም ሞዴሉ ቶሎ ይወርዳል። ፕሮፔለሩን ነቅለን በምትኩ እኩል የሚመዝን ጭቃ አፍንጫው ላይ ስንለጥፍ ግን ያው ሞዴል አርቆ ይንሸራተታል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ፕሮፔለሩ ሲቆም ወደ ኋላ የሚታጠፍበትን ዘዴ በክር ሠራች። በእኔ ዳኝነት የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይሄ ነው።

የከተማችንም ጉዳይ አለ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ገና መሬት ላይ እያለ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ መንደርደሪያውም ይረዝማል፣ ቀትር ላይ ደግሞ ይብሳል። ጣናም የራሱ ጸባይ አለው። ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ነው፣ ሌሊትና ማለዳ ይገለበጣል። በቀን ውሃው ላይ የሚያነሳ አየር እምብዛም አይገኝም። በሲሙሌተሩ ሐይቁን አቋርጬ ጎርጎራ እገባለሁ ያለ ሁሉ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ወፎቹ ላይ ግን ማንም አልሳቀም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ገብተውበት ወደቀ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። አብዛኞቹ ልጆች ይህን ሰምተው አያውቁም ነበር፤ እቤታቸው ጠይቀው መጡ። ለግላይደር አብራሪ ደግሞ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። አሞሮች ሲዞሩ ካየ እዚያ የሚያነሳ አየር አለ ማለት ነውና ይጠጋል። ግን ዓይኑን አይነቅልም፣ ከበታቻቸውም አይገባም፤ የደነገጠ ወፍ ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ይወረወራል።

ለከርሞ ክንፉ የሚገጣጠም ትልቅ ሞዴል እንሠራለን። የእውነተኛው ግላይደር ክንፍም ተፈትቶ ይገጠማል፤ አንድ መጋጠሚያ ከተረሳ መሪው አይታዘዝም። ስለዚህ የገጠመው ልጅና የሚፈትሸው ልጅ የተለያዩ ይሆናሉ። የፍሪጅና የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ አትጣሉት፤ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን።