የቅዳሜው የስፖርት መምህራን የሜዳ ልምምድ

ሰላም የግሩፑ አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 5:30 ቱሉ ዲምቱ፣ ባለፈው በተገናኘንበት ትምህርት ቤት ሜዳ እንገናኛለን። ዓላማው ማንም ተማሪ ዳር ተቀምጦ የማይቀርበትን የስፖርት ክፍለ ጊዜ ራሳችን ሠርተን ማየት ነው።

ችግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። 60 ተማሪ፣ አንድ ኳስ። 22ቱ ይጫወታሉ፣ ሌላው አጥር ጥግ ስልክ ይነካካል። ብዙ ሴቶች ልጆች ኳሷን አንዴም ሳይነኩ ደወል ይደወላል። ይሄ በጣም ያሳዝናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለተማሪዎቻችን ዕድሜ የሚመክረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ነው።

ስለዚህ ሜዳውን ለአራት ከፍለን 4 ለ 4 እንጫወታለን። በረኛ የለም፤ በየ5 ደቂቃው ቡድን ይቀየራል። ተራ ጠባቂዎቹ ዳኛና ነጥብ መዝጋቢ ይሆናሉ፤ የቀሩት ከጨዋታ የወጡትን የልብ ምት ይለካሉ። የ15 ሰከንዱን ቆጥሮ በ4 ማባዛት ነው፣ ስልክ ይበቃል። ማሟሟቂያው እስክስታና ገመድ ዝላይ ነው።

ቱታና ሸራ ጫማ አድርጋችሁ ኑ። ኳስ ያላችሁ ያዙ። ኮን ስለሌለን እያንዳንዳችሁ ሁለት ባዶ ሃይላንድ አሸዋ ሞልታችሁ አምጡ።

መጨረሻ ላይ ስለ ሩጫ ማርክ አሰጣጥ እንወስናለን፦ ቀድሞ ለገባ ይሰጥ ወይስ ከራሱ የቀድሞ ሰዓት ለተሻሻለ? እኔ ሁለተኛውን እደግፋለሁ። ክብደት ያለው ልጅ መሮጥ የሚጠላው ሁሌ መጨረሻ ስለሚወጣ ነው።

የምትመጡም የማትችሉም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።