ናቹራል ወይስ ሶሻል?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እኛ ብሎክ ሁለት የፒኤችዲ ተማሪዎች አሉ፤ አንዱ ፊዚክስ፣ አንዷ ቋንቋ ጥናት። ቡና በተፈላ ቁጥር «ማን ይበልጣል?» ይነሳል። ጎረቤቱ ሁሉ ለፊዚክሱ ይፈርዳል። ሶሻል የገባ ሰው ሰቃይ የሚሆን አይመስለንማ!

ይህን የሚያወዳድሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የጂአርኢን (አሜሪካ ለማስተርስና ለፒኤችዲ ለመግባት የሚወሰደውን ፈተና) ውጤት ነው። እውነት ነው፣ በሒሳቡ ክፍል ፊዚክስ ለመማር ያሰቡት ከላይኞቹ መካከል ናቸው። በቃላትና በጽሑፉ ግን ፍልስፍና የመረጡት ይመራሉ። ይቺን ማንም አያነሳትም። ደግሞ ፈተናው የአይኪው መለኪያ አይደለም። የሚፈተነውም ገና ለመግባት የሚያመለክት ሰው ነው። የሒሳቡ ውጤት 170 ላይ ያበቃል፤ ጎበዞቹ ጣሪያው ሥር ሲታጨቁ ማን ከማን እንደሚሻል አይታይም። በቃላቱ ክፍል ደግሞ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የለመደ የኛ ሰው፣ አፉን ከፈታበት ጋር እኩል ይሰለፋል።

ባለፈው መብራት ጠፍቶ ልጅቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቅጂ ታዳምጣለች። ቃል ውስጥ ያለች የአንዲት ፊደል ድምፅ መጥበቅና መላላት ነው ሥራዋ። የፊዚክሱ ልጅ ማዳመጫውን ተቀብሎ ሰማ።

«ሁለቱም ቃላት አንድ ናቸው» አለ።

«ድገመው» አለችው።

ልዩነቱ የገባው በአራተኛው ነው። እኔ (አካውንታንት ነኝ) እስካሁን አልሰማሁትም።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ