የጎመኔ ሌባ

ለአብሮ አደጌ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከአንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ትዝ ይልሻል? ለሰፈሩ እናቶች ሁሉ ደብዳቤ ስንጽፍ መክፈቻችን ይሄ ነበር። ልጁ ጅዳም ይሁን ጦር ሜዳ፣ "ከናፍቆት በስተቀር" ሳይባል ወሬ አይጀመርም። ዛሬም እጄ ሌላ መክፈቻ እምቢ አለኝ።

አራት ዓመት ሆነን። ጥፋቱ የኔ ነው። የአባባን ማረፍ የሰማሁት ከሰው ነው፤ ከቀብሩ ሳምንት አልፎ ነበር። የዚያኑ ዕለት መደወል ነበረብኝ። ነገ አልኩ። በማግስቱ ደግሞ "በባዶ እጄ ምን ብዬ፣ ትንሽ ነገር ልላክና" አልኩ። አርባው አለፈ። ተዝካሩም አለፈ። ከዚያ በኋላ ስምሽን ስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይቀላ ጀመር። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን አፍ አለው? ነፍሳቸውን ይማር። ይቅር በይኝ።

ታዲያ ዛሬ ምን ነክቷት ጻፈች ትይ ይሆናል። በእንሽላሊት ምክንያት ነው። ሳቂ፣ ግን የምሬን ነው።

ፍሎሪዳ መግባታችንን ታውቂያለሽ። ቤት ገዛን። ከማያሚ ትንሽ ወደ ሰሜን ነው፤ ብሮዋርድ ይሉታል። ከጓሮው ጀርባ የውሃ ቦይ አለ። እዚህ አገር ሰዉ ረግረጉን እያደረቀ ስለሰፈረበት፣ ቦዩ እንደ መንገድ በየሰፈሩ ያልፋል። ከኛ ግቢና ከቦዩ መሃል አንድ ዝቅ ያለ ግንብ አለ። የገባን ሰሞን ቡናዬን ይዤ ስወጣ ግንቡ ላይ አረንጓዴ ነገር ተጋድሟል። አርጃኖ መሰለኝ። ኢጓና ነው አሉኝ። ከአገጩ ሥር ቆዳ ተንጠልጥሏል፣ ከአንገቱ እስከ ጅራቱ እሾህ ተደርድሯል፣ ጅራቱ ብቻውን ከቀረው ገላው ይረዝማል። ንጉሥ ነው የሚመስለው። ፎቶ አነሳሁት። ለአንቺም ልልክልሽ ነበር፤ አሳፈረኝ እንጂ።

በዚያው ሰሞን ጓሮውን ቆፈርኩ። ጎመን ዘራሁ፤ የኛኑ ጎመን፣ ዘሩን አንዲት የማኅበር እህት ሰጠችኝ። በሶብላ፣ ጤና አዳም፣ ቃሪያም ተከልኩ። ከአጥሩ ሥር ደግሞ ቀይ አበባ የሚያወጣ ሂቢስከስ ነበረ። ጎመኑ እንዴት እንዳማረ ብነግርሽ! ለእሁድ ልቀጥፈው ቅዳሜ ጠዋት ብወጣ አንድ ቅጠል የለም። ግንዱ ብቻ እንደ ክብሪት እንጨት ቆሟል። የሂቢስከሱ አበባም ተለቅሟል። ቀና ስል ንጉሡ ግንቡ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል።

በነገራችን ላይ ጤና አዳሟን አልነካትም። አንዴም። እዚህ ያሉ ባለሙያዎች ኢጓና ሎሚና ብርቱካን አይወድም ይላሉ። ጤና አዳም ደግሞ ከሎሚና ከብርቱካን ጋር ቤተ ዘመድ ነች። ለቡና የምንጨምራት ቅጠል ዘበኛ ሆነችልኝ ብዬ ዙሪያውን ጤና አዳም ተከልኩ። እሱም በመሃል እየዘለለ ጎመኑን በላ። ሞኝ አይደለም።

የዚህ አገር እንስሳ እንዳይመስልሽ። አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ ማያሚ አካባቢ፣ ሃያሊያ፣ ኮራል ጌብልስ፣ ኪ ቢስኬን የሚባሉ ቦታዎች። ሰዎች ቤት ውስጥ እናሳድገው ብለው ጫጩቱን ይገዛሉ። ጫጩቱ ከመዳፍሽ ትንሽ ይተርፋል፣ አረንጓዴነቱ የአደይ አበባ ቅጠል ነው፣ ያሳሳል። ከዚያ ያድጋል። ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል፤ ወደ 8 ኪሎ የሚመዝን አለ። ሳሎን ውስጥ 8 ኪሎ እንሽላሊት ይዘሽ እንግዳ ጥሪ እስኪ! በሩን ይከፍቱለታል፣ ይሄዳል። አንዷ ሴት በአንድ ጊዜ ከ14 እስከ 76 እንቁላል ትጥላለች። ሒሳቡን አንቺ ሥሪው፤ ሒሳብ አስተማሪዋ አንቺ ነሽ።

ይሄን ሳነብ ምን ትዝ እንዳለኝ ታውቂያለሽ? እንቦጭ። መጀመሪያ ጣና ላይ የታየ ጊዜ ወይን ጠጅ አበባውን ቀጥፈሽ ጸጉርሽ ውስጥ ሰክተሽ የላክሽልኝን ፎቶ አልረሳሁትም። ኋላ ወገባችሁ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብታችሁ በእጃችሁ ስትነቅሉ የላክሽውንም አልረሳሁም። እሱም አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ የኔም ሌባ ከዚያው ነው። በየአገሩ ሰው እያማረው ነው የወሰደው። እዚህ ፍሎሪዳም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንቦጭ ገብቶ ወንዝ ዘግቶባቸዋል። አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂ። በ1910 አንድ የሉዊዚያና የምክር ቤት አባል፣ ሮበርት ብሩሳርድ የሚባል፣ ከአፍሪካ ጉማሬ አስመጥተን እንቦጩን ይብላልን፣ ሥጋውንም እንብላው ብሎ ረቂቅ ሕግ አቅርቦ ነበር። አልጸደቀም። ጣና ላይ ጉማሬውም እንቦጩም ጎን ለጎን እንዳሉ ቢያይ ምን ይል ነበር?

ወደ ጓሮዬ ልመለስ። ባሌ ዘመቻ አወጀ። አሮጌ ሲዲዎቹን በሙሉ በገመድ አንጠለጠለ፤ ብልጭ ሲል ይፈራል ተብሎ። ሁለት ቀን ፈራ። በሦስተኛው ቀን ከሲዲው ሥር ተኝቶ አገኘነው። የማንጎውን ግንድ ደግሞ በላሜራ ጠቀለለው፤ ጥፍሩ ስለሚንሸራተት መውጣት አይችልም። ይሄኛው ሠርቷል፣ ግን በጎረቤት ዛፍ ወጥቶ በቅርንጫፍ ይሻገራል። ጎመኑን በዶሮ ሽቦ ከላይም ከጎንም አጠርኩት። ይሄም ሠርቷል። ከሁሉ የሚሻለው ውሃ ነው። ባየሽው ቁጥር በጎማ ትረጪዋለሽ፣ ጭልጥ ብሎ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ዋና ይችላል፣ ውሃ ውስጥም ብዙ ይቆያል። ችግሩ ቀኑን ሙሉ ጎማ ይዞ የሚቆም ሰው ማግኘት ነው።

አንድ አዳኝ ነኝ ባይም ቀጥረን ነበር። ወጥመድ ዘረጋ፣ የወሩን ተቀበለ፣ ሁለት ትንንሽ ያዘ፣ ከዚያ ስልኩ አልነሳ አለ። ይሄም እንደ አገራችን ነው።

ጎመንስ ይሁን፤ ጎመን ይገዛል። ነገሩ የከፋው አምና መጋቢት ላይ ነው። ከቦዩ አጠገብ ከበሩ ወጣ ብሎ የምንቀመጥበት ሊሾ አለ። ረከቦቴን ዘርግቼ ቡና የማፈላው እዚያ ነው። አንድ ቀን ጀበናው ዘመም ብሎ ቆመ። አስተካከልኩት። በሳምንቱ የባሰ ዘመመ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከግንቡ ጥግ የአንድ ሰው ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ፣ ከፊቱ ደግሞ የተዛቀ አፈር። መጥረጊያ እንጨት ከተተ፣ ዋጠው። የመጋረጃ ብረት ቀጥሎበት ከተተ፣ ዋጠው። ሴቶቹ እንቁላል ለመጣል ነው የሚቆፍሩት። አንዷ ስትቆፍር ሌላዋ ትቀጥልበታለች፤ ከመሬት በታች መንደር ይሆናል። ሊሾው ላይ ቆሜ በተረከዜ ስመታው ድምፁ ከበሮ ነው! እግሬ ሥር ምንም የለም ማለት ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ዝናብ ጣለና መሃሉ ስንጥቅ ብሎ ሰመጠ።

ግንበኛው የጠየቀንን ዋጋ አልነግርሽም፣ ታዝኛለሽ። ግን በኛ ብቻ አልደረሰም። እዚሁ በስተሰሜን ያለችው ዌስት ፓልም ቢች ከተማ በ2020 ኢጓና የቦረቦረውን የውሃ መገደቢያ ለማስጠገን 1.8 ሚሊዮን ዶላር አውጥታለች። ይሄን ሳነብ፣ እንዲያ ከሆነስ የኛ ቀላል ነው ብዬ ተጽናናሁ።

ጉድጓዱ ዝም ብሎ አይደፈንም። መጀመሪያ የኢጓና መሆኑን ታረጋግጫለሽ፤ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖር በሕግ የተጠበቀ ጉጉትና ኤሊ አለ። ከዚያ ጋዜጣ ጨብጠሽ አፉ ላይ ትወትፊያለሽ። በማግስቱ ጋዜጣው ከተገፋ ሰው አለ። ካልተገፋ አሸዋና ስሚንቶ። እኛ አምስት ቀን ጠበቅን። ልጄ በየጠዋቱ እየሮጠ ሄዶ "ዛሬም ጋዜጣውን አንብቦታል!" ይለናል።

መግደሉስ? እሱም አከራከረን። ባሌ መጀመሪያ ይዘን በመኪና ራቅ ካለ መናፈሻ እንልቀቀው አለ። ክልክል ነው። የያዝሽውን ሌላ ቦታ መልቀቅ አይቻልም፣ ችግሩን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነዋ። በገዛ ግቢሽ ግን ያለ ምንም ወረቀት፣ ዓመቱን ሙሉ መግደል ይፈቀዳል፤ ማሰቃየት ነው ወንጀሉ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ እንደ ለማዳ እንስሳ አዲስ ገዝቶ ማሳደግ ተከልክሏል። ከስልሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከአጥር ማዶ አንዲት ኒካራጓዊት አሮጊት አሉ። እንግሊዝኛቸው ከኔም ያንሳል፣ ግን እንግባባለን። እሳቸው ገመድ በእንጨት ጫፍ አስረው፣ በዝግታ ተጠግተው አንገቱ ላይ ያጠልቁለታል። ከዚያ ድስት ነው። "ጋዪና ደ ፓሎ" ይሉታል፣ የዛፍ ዶሮ። አንድ ቀን በሳህን ሸፍነው ይዘውልኝ መጡ። በዓቢይ ጾም! ጾም ላይ ነኝ ብዬ እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። ደስ አላቸው። ለካ እሳቸው አገር ኢጓና የጾም ምግብ ነው፤ ከፋሲካ በፊት ነው የሚበላው። ለጾመኛ ብለው ነው ያመጡልኝ። እንዴት ልመልስ? ኦሪት ዘሌዋውያን በስፓኒሽ አይወጣልኝ። ተቀብዬ፣ አመስግኜ፣ ማታ ሳህናቸውን አጥቤ ድፎ ዳቦ ቆርሼበት መለስኩ። የት እንደደፋሁት አትጠይቂኝ። ያኔ ግን አንድ ነገር ታወቀኝ። ከሳቸው ውጪ ያለነው ሰፈርተኞች አንዱን እንገድላለን፣ ከዚያ ምን እናድርገው ብለን እንጨነቃለን። ሳያዝኑ፣ ሳይኮፈሱ የሚገድሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ምክንያቴ ልምጣ።

ባለፈው ሳምንት በረደ። ማያሚ ላይ በረደ ሲባል ለጎንደር ሰው ቀልድ ነው፣ ግን ወደ 4 ዲግሪ ወረደ። ኢጓና ደሙ በራሱ አይሞቅም። ከ10 ዲግሪ በታች ይደነዝዛል፤ ሲብስ ዛፍ ላይ እንደተኛ ጥፍሩ ይለቅና ዱብ ይላል። ጥር 2020 ላይ የማያሚ የአየር ትንበያ ቢሮ "ኢጓና ከዛፍ ቢወድቅ አትደንግጡ" የሚል ነገር አውጥቶ ዓለም ስቋል። እኔም ስቄ ነበር። ያን ጠዋት ወጥቼ ማንጎው ሥር ሳየው ግን አልሳቅኩም። በጀርባው ተዘርሯል። አረንጓዴው ጠፍቶ አመድ መስሏል። አራት እግሩ ወደ ላይ፣ ዓይኑ ገርበብ ያለ። አንገቱ ሥር ያ ቆዳ ወደ ጎን ተጣጥፏል። ንጉሡ ነበር።

የሞተ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ አይሞትም፣ ሲሞቅ ይነሳል። ለዚህ ነው ቤት አታስገቡት፣ አትሸፍኑት የሚሉት። እኔ ውስጥ ገብቼ ጎረቤቴን ልጥራቸው አልጥራቸው ስል፣ ልጄ አሳዝኖት ሸፍኖታል። በምን ብትይ በጋቢ። በየትኛው ጋቢ ብትይ፣ በሠርጌ የላክሽልኝ፣ እማማ ራሳቸው የፈተሉት።

መጮህ ጀመርኩ። ባሌ ሮጦ ወጣ። ፀሐይዋ ግቢው ውስጥ ገብታለች። ጋቢው ነቅነቅ አለ። ባሌ ጫፉን ይዞ ሊስብ ጎንበስ ሲል ጅራቱ ከሥር ወጥቶ ቅልጥሙን እንደ ቡሄ ጅራፍ ጧ! አደረገው። እሱ አንድ እግሩን ይዞ ይዘላል፣ ኢጓናው ጋቢውን እሾሁ ላይ እንደለበሰ ግቢውን አቋረጠ። መልከኛ ነው የሚመስለው! ግንቡ ላይ ወጣ፣ ጋቢው እዚያ ቀረ፣ እሱ ቦዩ ውስጥ ገባ።

ልጄ ያለቅሳል፣ ባሌ ያቃስታል፣ እኔ ጋቢውን ታቅፌ ቆሜያለሁ። የነዚህ እንስሳት ነገር በሽታ ያመጣል፣ ሳልሞኔላ፤ ስለዚህ በሙቅ ውሃ ሁለት ጊዜ በእጄ አጠብኩት። ሳጥበው ጥለቱን አየሁት። ጥግ ላይ ያለችውን፣ እማማ ክሩ አልቆባቸው በሌላ አረንጓዴ የጨረሷትን፣ "ማንም አያያትም" ብለሽ የሳቅሽባትን። እዚያው ገንዳው ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ለአባባ ያኔ ያላለቀስኩትን።

እሁድ በናንተ ማታ 1 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ካላነሳሽው አልቀየምም፤ በሌላው እሁድ እደውላለሁ። እማማን ጉልበት ሳሚልኝ። ጋቢው ምን ላይ እንደዋለ ግን እንዳትነግሪያቸው።

የበሶብላ ዘርም በመጣ ሰው ላኪልኝ። የጓሮዬን በሶብላ ጨርሶታል።

ብዙ ልጽፍልሽ ነበር፣ ግን ጋቢው ገመድ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ግንቡ ላይ ወጥቷል። አንገቱን እየነቀነቀ ወደኔ ያያል። ጎማውን ላምጣ።

አብሮ አደግሽ