ባዶ አልጋዎች ፊት የሚያነብ አባት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ራስል ክሮውን በ«ግላዲያተር» የማያውቅ የለም። በ2014 እ.ኤ.አ. ራሱ አዘጋጅቶ የተወነበትን «ዘ ወተር ዲቫይነር»ን ያየ ሰው ግን እምብዛም አይገጥመኝም።

ጆሹዋ ኮነር አውስትራሊያዊ ገበሬ ነው። በደረቅ መሬት ውኃ ያለበትን ቦታ ማግኘት ያውቅበታል። ሦስት ልጆቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915፣ ቱርክ ውስጥ ወዳለችው ጋሊፖሊ ዘምተው ቀሩ። እናታቸው መርዶውን አልቀበልም ብላለች፤ ማታ ማታ ለልጆቹ ተረት እንዲያነብላቸው ታዘዋለች። እሱም ባዶ አልጋዎቹ ፊት ተቀምጦ ያነባል። እኔን አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው፤ ከውጊያው ትዕይንት ሁሉ ይበልጥብኛል።

እሷ ስትሞት አጽማቸውን አምጥቶ ከጎኗ ሊቀብር በ1919 ወደ ቱርክ ይሄዳል። ጦርነቱን አሸንፈው አካባቢውን የያዙት እንግሊዞች መንገድ ይዘጉበታል። የሚረዳው ማን መሰላችሁ? በጠላት ወገን ሆኖ ልጆቹን የተዋጋው ቱርካዊ መኮንን፣ ሻለቃ ሐሰን! ከዚያ ሁሉ አባት «ልጆቼ የት ናቸው?» ብሎ የመጣው እሱ ብቻ ነዋ። ይልማዝ ኤርዶዋን ሻለቃውን ሲጫወት ድምፁን ከፍ ማድረግ እንኳ አያስፈልገውም።

እንከን የለውም አልልም። ካረፈበት ሆቴል ባለቤት ከሆነችው ሴት ጋር የመጣው ፍቅር የተለጠፈ ይመስላል። በዚያው ዘመን በአርመኖች ላይ የደረሰውን እልቂት አለማንሳቱም አስወቅሶታል፤ ወቀሳው ተገቢ ነው። ቢሆንም አውስትራሊያ ውስጥ በምርጥ ፊልምነት ከሌላ ፊልም ጋር እኩል ተሸልሟል።

በፊልም ገጻችሁ ግማሽ ዓምድ ብትሰጡት ደስ ይለኛል። መጨረሻውን ግን አደራ፣ እንዳትናገሩ።

አንባቢያችሁ