በሚጠብቀው ፊደል ላይ አንዲት ነጥብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ለልጆች መጻፍ ለአዋቂ ከመጻፍ ይቀላል የሚለውን አባባል በየጊዜው እሰማለሁ። ጎንደር ውስጥ ለረጅም ዘመን አንደኛ ክፍል ፊደል ያስተማርሁ፣ ኋላም ለልጆች ተረትና ታሪክ ወደ መጻፍ የገባሁ ሰው ነኝና ስለዚሁ ሥራዬና ስለ መጪው ዕቅዴ ጥቂት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

የሚያደክመው ሐሳቡ አይደለም፤ ተረትማ ከአያቶቻችን ምድጃ ዳር ሞልቶ ተርፏል። የሚያደክመው ጽሕፈቱ ነው። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ ማለትም 231ዱን፣ ለይቶ የጨረሰ ልጅ እንኳ ማንበብ ቻለ አይባልም፤ ምክንያቱም የሚጠብቀውም የሚላላውም ድምፅ በአንድ መልክ ይጻፋል፣ ሳድሱም አንዳንዴ እየተሰማ አንዳንዴ እየተዋጠ ያልፋል። አዋቂው ከአገባቡ ይረዳዋል። ልጁ ግን አገባቡ ጋ ከመድረሱ በፊት ቃሉ ከአፉ ወጥቷል።

ባለፈው ክረምት አንድ ረቂቅ ይዤ ከጎረቤት ልጆች ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር። ታሪኩ አያቷን ከደባርቅ የሚያመጣውን አውቶቡስ መናኸሪያ ሆና ስለምትጠብቅ ልጅ ነው። በአንደኛው ገጽ አናት ላይ «ገና አልደረሰም» የሚል አለ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጅ «ገና»ን አጥብቆ አነበበና «ጋሼ፣ ገና ካልደረሰ ጥምቀትማ ሩቅ ነው ማለት ነው?» አለኝ። እኅቱ ሳቀችበት፤ እሱም ወረቀቱን አስቀምጦ የዚያን ቀን ዳግም አላነሣውም። ጥፋቱ ግን የእኔ እንጂ የእሱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ረቂቅ ሦስት ልጆች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሳያነቡልኝ ለማተሚያ ቤት አልሰጥም፤ እርሳስ ይዤ የተደናቀፉበትን አሰምርበታለሁ፣ ሁለቱ የተደናቀፉበትን ዓረፍተ ነገር ደግሞ እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። «ቀበሮ አለ» የሚለው እንኳ ቀበሮ መኖሩን ይሁን መናገሩን ስለማያሳውቅ ስንት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። በዚህ ላይ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ የሚሰጠው 8 ወይም 16 ገጽ ስለሆነ ታሪኩን በዚያው ልክ መቁረጥ ግድ ይላል፤ ባለ 24 ገጿ መጽሐፍ አንድ ዓመት የምትፈጅብኝም ለዚህ ነው።

አሁን በመጻፍ ላይ ያለሁት በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የደርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል የከተማዋን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ አዳናት የሚለውን የአገሬውን ትረካ ነው። ተራኪው በቤተ ክርስቲያኗ ጣሪያ ላይ ተሥለው ቁልቁል ከሚመለከቱት ባለ ክንፍ መላእክት አንደኛው ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ የቃጠሎውን ምን ያህል ላሳየው በሚለው ብዙ ተጨንቄ፣ በመጨረሻ ጭሱን ብቻ ላሳየው ወስኛለሁ።

በዚህ መጽሐፍ የሚጠብቁት ፊደላት ሁሉ በአናታቸው ላይ ነጥብ ይኖራቸዋል። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ተጠቅመውበታል፣ ልማዱ ሳይስፋፋ ቀረ እንጂ። አዋቂው ያለ ነጥብም ይኖራል፤ ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ልጅ ግን እንደ ምርኩዝ ሆና ታገለግልና ሦስተኛ ክፍል ሲገባ ትቀራለች የሚል እምነት አለኝ። ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍልኝ ሰው ነጥቦቹ እድፍ መስለውት አንድ በአንድ አጥፍቶ፣ «አጽድቼልዎታለሁ» ብሎ መልሶልኛል።

ስለዚህ ዝቅተኛ ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን፣ ነጥቧ ልጆችን ትረዳ እንደሆነ ወይም ታደናግር እንደሆነ በጋዜጣዎ በኩል ቢጽፉልኝ፣ ጋዜጣዎም አንዲት አጭር ተረት ከነነጥቧ ቢያወጣልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ተረቷ ተዘጋጅታለች፤ ከዚህ ደብዳቤም ታጥራለች።

አክባሪዎ፣
የልጆች መጻሕፍት ጸሐፊ፣ ከጎንደር